«ገና ነህ» ማለት የሚችል ክለብ፦ ለገሀር አካባቢ ስላለው የግራፕሊንግ ስልጠና

ይህን ክለብ የምመክረው ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር ነው። ወደ ላይኛው ክፍል አስገቡኝ ተብሎ ሲለመን «ገና ነህ» ማለት ይችላል። ሰውየው ቢያኮርፍም፣ ሌላ ጂም እሄዳለሁ ቢልም መልሱ አይለወጥም። ከፋይ ደንበኛን «ገና ነህ» የሚል ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ ከዚህ ሌላ አላጋጠመኝም።

ቦታው በብሔራዊ ቴአትርና በለገሀር መካከል ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቀላል ባቡር የሚመጣ ለገሀር ጣቢያ ይወርድና ቀሪውን በእግሩ ይጨርሰዋል። በታክሲ ለሚመጣም ከሜክሲኮም ከስታዲየምም ቅርብ ነው። ስሙን የማልጽፈው አሰልጣኙ ስለጠየቁኝ ነው። ምንጣፉ ጠባብ ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ። አካባቢው ላይ ስፖርት የሚሠራ ሰው ከጠየቃችሁ አታጡትም።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀኑን የምውለው ከተጎዳ ጉልበት፣ ከወለቀ ትከሻና ከታመመ ወገብ ጋር ነው። ስለዚህ አንድ የትግል ክፍል ገብቼ ስመለከት ዓይኔ የሚሄደው ማን ማንን ጣለ ወደሚለው አይደለም። ሰው በእግሩ እንደገባ በእግሩ ይወጣል ወይ? መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ግራፕሊንግ ያለ ቡጢና ያለ ካልቾ የሚደረግ ትግል ነው። መያዝ፣ መጣል፣ መሬት ላይ መቆጣጠር፣ ማነቅና መገጣጠሚያ መቆለፍ ነው ሥራው። ጁዶ፣ ብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ፣ ሬስሊንግና ሳምቦ ሁሉም በዚህ ጥላ ሥር ናቸው። እዚህ ክለብ የሚሰጠው ግማሹ ጁዶ፣ ግማሹ ጁ-ጂትሱ ነው። አሰልጣኙ በጁዶ ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ኮች» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ ሁላችንንም «ልጄ» ይሉናል።

ሁለት ክፍል አለ። አንዱ «መሠረት» ይባላል፣ ሌላው «ላይኛው»። በሁለቱ መካከል የምታልፉበት ፈተና የለም። የተወሰነ ወር ቆይታችሁ በራሱ የሚከፈት በርም የለም። አንድ ቀን ኮች ከልምምድ በኋላ ጠርተው «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ና» ይላሉ። አለቀ። ብዙ ሰው የሚናደደው በዚህ ነው። ገንዘብ ከፍለን መቼ እንደምናልፍ እንኳን አናውቅም ይላሉ። እኔ ግን ማን እንደተጠራና ማን እንደቀረ እያየሁ ስሄድ፣ ኮች በአፋቸው ባይናገሩትም የሚፈልጉት ነገር ግልጽ እየሆነልኝ መጣ።

መጀመሪያ መውደቅ ነው። መሠረት ክፍል የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ሲወድቅ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት ተንከባሎ። አገጭ ደረት ላይ ይያዛል፤ ጭንቅላት መሬት እንዳይመታ። እጅ ከጎን ትንሽ ራቅ ብሎ መዳፉ ምንጣፉን ይመታል። እጅን ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ መሞከር ፈጽሞ አይፈቀድም። ይህን እኔም በሥራዬ አውቀዋለሁ። ክረምት ሲገባ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ እጁን ዘርግቶ የወደቀ፣ አንጓው የተሰበረ ሰው ክሊኒካችን አይጠፋም። ሰውነት ሲወድቅ እጅ መላክ ተፈጥሮው ነው። ያንን ተፈጥሮ መለወጥ ድግግሞሽ ይፈልጋል።

አብዛኛው ሰው መውደቅ በሦስተኛው ሳምንት ቻልኩ ብሎ ያስባል። እውነትም ትኩስ እያለ ይችላል። ኮች ግን የሚያዩት በመጨረሻው ዙር ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ትንፋሽ እዚህ ቶሎ ያልቃል። ሰው ሲደክም የተማረውን ይረሳና የቀድሞው ልማዱ ይመለሳል። እጁን ይልካል፣ አንገቱን ይለቃል። ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ፣ ሳያስበው፣ ሳያየው በተወረወረበት አቅጣጫ በትክክል የሚወድቅ ሰው ነው መውደቅ የቻለው። የላይኛው ክፍል ውርወራዎች ከፍ ያሉና ፈጣን ናቸው። መውደቅ ያልቻለ ሰው እዚያ ቢገባ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ የሚወረውረውም ሰው በፍርሃት መሥራት ያቅተዋል።

ሁለተኛው ነገር ከመጥፎ ቦታ መውጣት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ክለብ ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው።

የመሠረት ክፍል ልምምድ ግማሹ ከታች የሚጀመር ነው። ባልደረባችሁ ደረታችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ማውንት የሚባለው ነው። ወይም ከጎን ተጭኗችኋል። ወይም ጀርባችሁን ይዟል። ሰዓቱ ይጀምራል፤ ሥራችሁ መውጣት ብቻ ነው። ማሸነፍ የለም፣ ማነቅ የለም። ወገብን ከፍ አድርጎ ድልድይ መሥራት፣ በጎን ተንሸራቶ ክርንና ጉልበትን ማገናኘት፣ ጋርድን (ከታች ሆኖ ተጋጣሚን በእግር የሚያግዱበትን ቦታ) መመለስ። ይኸው ነው። ትወጣላችሁ፣ እንደገና ከታች ትገባላችሁ። አሰልቺ ነው? ለአንዳንዱ አዎ። እኔ ግን የምወደው የክለቡ ክፍል ይህ ነው።

አንድ ምሽት አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ወደ ኮች ቀረበ። በሁለት እግሩ ተገልብጦ፣ ከተጋጣሚው ሥር ዞሮ ጀርባውን የሚይዝ ብራዚላዊ ቪዲዮ ነበር። ቤሪምቦሎ የሚሉት ነው።

«ኮች፣ ይሄን ዛሬ እንሥራው?»

«ቆንጆ ነው ልጄ። መጀመሪያ ግን ከእኔ ሥር ውጣ።»

ኮች ከጎን ተጫኑት። ልጁ ጠንካራ ነው፤ ገፋ፣ ታገለ፣ እጁን ዘረጋ። አልወጣም። ኮች ሰው ፊት አላዋረዱትም። ከላዩ ሳይነሱ ቀስ ብለው «ክርንህ የት ነው ያለው? መልሰው። አሁን ወገብህን ወደዚያ አድርግ» እያሉ አሳዩት። በሦስተኛው ሙከራ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ ኮች ተነሥተው ሁላችንንም አስቀመጡና «ፊደል ያልለየ ዳዊት አይደግምም» አሉ። ሌላ ንግግር አልነበረም፤ ወደ ልምምድ ተመለስን። ልጁ አልሄደም። ከወራት በኋላ ሐሙስ ና ተባለ፤ አሁን ያንን ቤሪምቦሎ በትክክል ይሠራዋል። የሚሠራበትም ምክንያት ቢከሽፍበት የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የላቁ የሚባሉት ቴክኒኮች አብዛኞቹ አደጋ አላቸው። ተገልብጣችሁ ትገባላችሁ፤ ካልሠራ ከታች ትቀራላችሁ። ዘልላችሁ ክንድ ትይዛላችሁ፤ ካመለጠ ጀርባችሁ መሬት ላይ ነው። ከታች መውጣት የሚችል ሰው ይህንን አደጋ መውሰድ ይችላል። የማይችል ሰው አንዴ ይሞክርና ይሸነፋል፤ ከዚያ ወይ ይተወዋል ወይ በጉልበት ብቻ መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ «የላቀ ቴክኒክ መቼ ልጀምር?» ለሚለው የእኔ መልስ «ሲከሽፍብህ የማትደነግጥ ጊዜ» የሚል ነው። መለኪያው ደግሞ የምታውቁት ጓደኛ አይደለም። ከእናንተ የሚከብድ፣ ጨዋታችሁን የማያውቅ፣ በእውነት የሚከላከል ሰው ነው። በማይቃወም ጓደኛ ላይ ሁሉም ቴክኒክ ይሠራል።

ስንት ወር ይፈጃል? ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። በሳምንት ሁለቴ የሚመጣና አምስቴ የሚመጣ እኩል አይሄዱም። ዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን እንኳን ለጀማሪው፣ ለነጭ ቀበቶ፣ ዝቅተኛ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ለመሄድ ግን ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከሐምራዊ ወደ ቡናማ አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር 1 ዓመት ይጠይቃል። ሰማያዊም ቢሆን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ትዕግሥት የአንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ግትርነት እንዳልሆነ ነው። በጁዶም ቢሆን ቅደም ተከተል የቆየ ነገር ነው። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ቶኪዮ ውስጥ የመሠረተው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ውርወራዎቹ በአምስት ምድብ ተከፋፍለው በ1895 ወጡ፤ በ1920 ደግሞ ተከልሰው እያንዳንዱ ምድብ ስምንት፣ በድምሩ 40 ሆኑ። እዚህ መሠረት ክፍል የምንማራቸው ኦ-ሶቶ-ጋሪ (እግርን ከውጭ አጭዶ መጣል) እና ኦ-ጎሺ (በዳሌ ላይ አንስቶ መጣል) ሁለቱም ከመጀመሪያው ምድብ ናቸው።

«የመጀመሪያ ምድብ» ማለት ግን የልጆች ነው ማለት አይደለም። የ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሾሄይ ኦኖ በኦ-ሶቶ-ጋሪ የሚፈራ ሰው ነበር። በጁ-ጂትሱ ደግሞ ሮጀር ግሬሲ አለ። አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ይህ ሰው በዋናነት የሚታወቀው ደረት ላይ ወጥቶ በኮሌታ በማነቅ ነው። ያ ማነቂያ የነጭ ቀበቶ ትምህርት ነው። ተጋጣሚዎቹ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ግን አያቆሙትም። ኮች ይህን ማነቂያ ሲያስተምሩ የመጀመሪያው እጅ ምን ያህል ጠልቆ መግባት እንዳለበት ብቻ ረጅም ጊዜ ይወስዱበታል። አራት ጣት ከአንገት ጀርባ ካልደረሰ ሁለተኛውን እጅ አታስገቡ ይላሉ። እኔም ይህንን አጥብቄ ከያዝኩ በኋላ ነው ማነቂያው መሥራት የጀመረልኝ።

ሦስተኛውን ነገር ለማየት የጤና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምጨነቅለት እሱ ነው። የሰው አካል በእጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ባልደረባችሁ ታፕ ሲያደርግ፣ ማለትም በእጁ መታ መታ አድርጎ «በቃኝ» ሲል፣ ወዲያው ትለቃላችሁ? ከዚያም በፊት፣ ሊጎዳ እንደሆነ ስታዩ ራሳችሁ ታቆማላችሁ? ኮች ይህንን በጣም ነው የሚከታተሉት። በችሎታው ከብዙዎቻችን የሚበልጥ አንድ ልጅ አለ። አርምባር (ክንድን ዘርግቶ ክርንን መቆለፍ) ሲይዝ በድንገት ይስባል። ታፕ ይሰማል፣ ግን ትንሽ ይቆያል። ይህ ልጅ እስካሁን አልተጠራም። ብዙዎች አድሎ ነው ይላሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ላይኛው ክፍል የሚያስተምረው ይበልጥ አደገኛ የሆነውን ነገር ነው፤ እጁን የማይገዛ ሰው ያንን መማር የለበትም።

ምክንያቱን በጉልበት ላስረዳ። ጉልበት በዋናነት የሚታጠፍና የሚዘረጋ መገጣጠሚያ ነው፤ መዞር የሚችለው በጥቂቱ ነው። ሂል ሁክ የሚባለው ቁልፍ ተረከዝን በክርን ታቅፎ እግርን መጠምዘዝ ነው። ጥምዘዛው ቁርጭምጭሚት ላይ አይቆምም፣ ወደ ጉልበት ይወጣል። አርምባር ሲጠብቅ ሕመሙ ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ታፕ ለማድረግ ጊዜ አለ። ሂል ሁክ ላይ ግን ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሰውየው «ገና አልተያዝኩም» ብሎ ሲንፈራገጥ መስቀለኛ ጅማቱ ይበጠሳል። ያ ጅማት በቀዶ ጥገና ከተሠራ በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ ብዙ ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እነዚያን ወራት ከታካሚዎቼ ጋር አብሬ ነው የማሳልፋቸው፤ ቀላል አይደሉም። የጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽኑም ሂል ሁክን የፈቀደው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች፣ ያለ ጊ፣ ማለትም ያለ ትግል ልብሱ፣ በሚደረግ ውድድር ብቻ።

ስለ ጉልበት ከተነሣ አይቀር፣ እዚህ ከመምጣቴ በፊት የሠለጠንኩበት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ቅደም ተከተል የሚባል አልነበረም። አዳዲስ ሰልጣኞች መውደቅ ሳይለምዱ ካኒ-ባሳሚ ይሠሩ ነበር፤ ዘልሎ የተጋጣሚን እግር በመቀስ ይዞ መጣል ማለት ነው። አብራኝ የጀመረች ልጅ ጉልበቷን የተጎዳችው በዚህ ነው። ክብደት በጎን እግር ላይ ሲያርፍ እግሩ የሚሄድበት አጥቶ ይሰበራል ወይም ጅማቱ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በጀማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በተደረገ ውድድር ታላቁ ያሱሂሮ ያማሺታ እግሩ የተሰበረው በካኒ-ባሳሚ ነው። ያማሺታ አገግሞ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ቴክኒኩ ግን ከጁዶ ውድድር ታገደ፤ በጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽኑ ውድድርም በየትኛውም ቀበቶ የተከለከለ ነው። እዚህ ክለብ ላይኛው ክፍል ውስጥ እንኳን አይሠራም። ኮች አንድ ሰው ሲሞክረው አይተው ልምምዱን በሙሉ አቁመዋል።

አሁን ደግሞ ከኮች ጋር የማልስማማበትን ልናገር። የእግር ቁልፍ የሚባል ነገር በሙሉ መሠረት ክፍል ውስጥ አይነሣም። ማጥቃቱ እንዳይነሣ እደግፋለሁ። መከላከሉ ግን መሠረት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ምንጣፍ አለ፤ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ይገባሉ። ለስብሰባ አዲስ አበባ የመጡ፣ በአገራቸው የሠለጠኑ እንግዶችም አሉ። እነሱ እግር ይይዛሉ። የመሠረት ሰልጣኝ እግሩ ሲያዝ ምን እንደተያዘ እንኳን አያውቅም፤ ከደነገጠ ደግሞ በተሳሳተ አቅጣጫ ይዞራል። በአንድ ምሽት ልምምድ ሦስት ነገር ማስተማር ይቻላል። ተረከዝህ ሲታቀፍ እወቀው። ጉልበትህን ከሁለቱ ጭኖቹ መሀል ለማውጣት ሞክር። ከዘገየህ ሳይጠብቅ ታፕ አድርግ። ይህን ለኮች ነግሬያቸዋለሁ። «እናስብበታለን ልጄ» ብለውኛል። እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም፤ ስለዚህ እዚህም እጽፈዋለሁ። አዲስ ከሆናችሁ ቅዳሜ ስትሄዱ ከመጀመራችሁ በፊት «እግር አንያያዝ» ብላችሁ ተነጋገሩ። ማንም አይቀየምም።

አንድ ሌላ ነገር ግን ከኮች ተምሬያለሁ። ሰውን በሙሉ አይደለም የሚያሻግሩት፣ ያንን ክህሎት ብቻ ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጣ፣ በሰፈሩ ትግል ያደገ ወጣት አለ። ትግል በአገራችን በፌዴሬሽን ደረጃ ከሚታወቁት ባህላዊ ስፖርቶች አንዱ ነው፤ ገና፣ ገበጣ፣ ፈረስ ጉግስ እንደሚባሉት። ይህ ልጅ ቆሞ ሲያዝ ዛፍ ነው። የሰውን ሚዛን በእጁ ያነባል። ጁዶ ውስጥ ኩዙሺ የሚሉትን፣ ማለትም ከመጣል በፊት ሚዛን ማሳጣትን፣ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ኮች በሁለተኛው ሳምንት ለቆመ ትግል ላይኛው ክፍል አስገቡት። መሬት ላይ ግን እንደማንኛችንም ከማውንት ሥር እየጀመረ መሠረት ይሠራል። እሱም አልተከፋም፤ ጥሎ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበርና። ይህ አካሄድ ለእኔ ከቀበቶ ሁሉ የተሻለ ነው። አንድ ሰው በጋርድ የላቀ፣ በመውጣት ገና፣ በመጣል ደግሞ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። «እኔ ምን ደረጃ ላይ ነኝ?» ከማለት «እዚህ ቦታ ላይ ምን ደረጃ ላይ ነኝ?» ማለት ይሻላል።

የላይኛው ክፍል ራሱ እንዴት ነው? ጥሩ ነው፤ ግን ከጠበቃችሁት ያነሰ ትርኢት አለው። ማሟሟቂያው ያው መንሸራተትና ድልድይ ነው። ሐምራዊ ቀበቶ ያላቸው ሰዎች ከምንጣፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይንሸራተታሉ። ከዚያ አዲሱ ነገር ይመጣል፦ ዴ ላ ሪቫ የሚባለው የጋርድ ዓይነት፣ ትራያንግልን (በእግር ማነቅን) ከአርምባር ጋር ማያያዝ፣ አንዱን ውርወራ አስመስሎ በሌላው መጣል። ልዩነቱ ቴክኒኩ አይደለም፤ መያያዙ ነው። መሠረት ክፍል አንድ መልስ ይሰጣችኋል፤ ላይኛው ክፍል ተጋጣሚው ያንን መልስ ሲዘጋው ቀጥሎ ያለውን ይሰጣችኋል። ለዚህም ነው ከመሠረት ሳይጠና የመጣ ሰው እዚያ የሚጠፋው። የመጀመሪያውን መልስ ማንም አይዘጋበትም፣ እሱ ራሱ አላደረገውምና።

ስለ ቤቱ ልጨርስ። ምንጣፉ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ያለ ታታሚ ነው፤ ለውርወራ በቂ ነው። በየቀኑ በመድኃኒት ይወለወላል። ይህንን አይቼ ነው ያመንኩት፤ ጭርት ከሰው ቆዳ ብቻ ሳይሆን ባልጸዳ ምንጣፍና ባልታጠበ ጊም ይተላለፋል። ጊ ሳይታጠብ መጥቶ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ በትሕትና ነው የመለሱት። ሊፍቱን አትመኑት፤ መብራት ሲጠፋ አራት ፎቅ በእግር ነው። ሻወሩ ውሃ የሚኖረው ግማሹን ጊዜ ነው። የሴቶች መልበሻ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ነው። እኛ ሴቶች ጥቂት ነን፣ ግን እየጨመርን ነው። ቁልፍ ያለው በር ይገባናል፤ ለአስተዳደሩ ደጋግመን ተናግረናል። በልምምድ ጊዜ ግን ሴት በመሆኔ ያጋጠመኝ ችግር የለም። ኮች አጣማሪ ሲመርጡ ክብደትና ልምድ ያያሉ፤ ከማን ጋር መሥራት እንደማልፈልግ ስናገር ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይቀይሩልኛል።

ወርሃዊ ክፍያው ሦስት ሺህ ብር ነው። ሁለቱንም ክፍል የሚሠራ ሰው ተጨማሪ አይከፍልም፤ ይህም ኮች ሰውን ቶሎ ለማሳለፍ ምንም ጥቅም እንዳይኖራቸው ያደርጋል። በጣም ጥሩ አሠራር ነው። ጊ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያውሱት አላቸው። መሠረት ክፍል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ላይኛው ማክሰኞና ሐሙስ በዚያው ሰዓት ነው። ከሥራ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠሩ በእግር ብትመጡ ይቀላችኋል።

መሠረት ክፍሉን ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ላይኛውን አራት፤ የእግር መከላከያው ወደ ታች ቢወርድ አምስት ይሆን ነበር። መልበሻውን ከሁለት በላይ አልሰጠውም።

በቪዲዮ ያያችሁትን በአንድ ወር ለመሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ቤት ያበሳጫችኋል፤ አትሂዱ። ከዚህ በፊት ጉልበት ወይም ትከሻ የተጎዳ ሰው ግን ሳይፈራ መሄድ ይችላል። ለኮች ቀድሞ ይንገራቸው፤ ከየትኛው ልምምድ እንደሚቀር እሳቸው ይወስናሉ። አዲስ ሰው የሚቀበሉት ሰኞ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ የእጅም የእግርም ጥፍር ቆርጣችሁ፣ ቀለበትና ሐብል ቤት ትታችሁ።